በሩ አጠገብ የነበረው ሰው፦ አይቫን ዲክሰን ከካሜራ ፊት ወደ ካሜራ ኋላ

አንድ ወታደር ከመሬት በታች በተቆፈረ ዋሻ ውስጥ ተቀምጧል። ጆሮው ላይ ማዳመጫ አድርጓል። ይሰማል፣ ይጽፋል፣ ቀና ብሎ የሰማውን ለአለቃው ይነግረዋል። አለቃው አንድ ቀልድ ጣል ያደርግና ይሳቃል። ካሜራው አለቃውን ተከትሎ ይወጣል። ወታደሩ እዚያው ሬዲዮው ዘንድ ይቀራል።

ይህ ትዕይንት እዚህም እዚያም እየተነካካ ለአምስት ዓመት ታይቷል። ድራማው "ሆጋንስ ሂሮስ" ይባላል። ሲቢኤስ የተባለው የአሜሪካ ጣቢያ በ1965 የጀመረው ኮሜዲ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በናዚ የጦር እስረኞች ካምፕ ውስጥ ያሉ የተባበሩት ኃይሎች ወታደሮች ጠባቂዎቻቸውን እያታለሉ በስውር የሚዋጉበት ታሪክ ነው። ሬዲዮኑ ላይ የማይጠፋው ሳጅን ኪንችሎ፣ በአጭሩ "ኪንች"፣ ከዋናዎቹ እስረኞች መካከል ብቸኛው ጥቁር ነበር። የተጫወተው አይቫን ዲክሰን ነው።

ዲክሰን በ1970 ድራማውን ጥሎ ወጣ። ከዚያ በኋላ ለሃያ ዓመት ያህል እንጀራው ዳይሬክተርነት ሆነ። ስንቱን ተከታታይ ድራማ እንደሠራ ቆጥሮ መጨረስ ያስቸግራል። በመሀሉ አንድ ፊልም ሠራ። ፊልሙ ከሲኒማ ቤት ወጥቶ ለሠላሳ ዓመት ያህል ተደበቀ። ከተዋናይነት ወደ ዳይሬክተርነት መሻገር ምን ማለት እንደሆነ ለሚጠይቀኝ ሰው የማነሣው የእሱን ጉዳይ ነው። ሌሎች ታዋቂ ሰዎች አሉ፤ ኦስካር የወሰዱም አሉ። ግን እነሱ መሪ ተዋናይ ሆነው የገነነ ስማቸውን ይዘው ነው የተሻገሩት። ዲክሰን የተሻገረው ከዳር ነው።

ከሃርለም እስከ መድረክ

በ1931 ኒው ዮርክ ውስጥ ሃርለም ተወለደ። ሁለተኛ ደረጃን ሰሜን ካሮላይና ውስጥ ሊንከን አካዳሚ በተባለ የጥቁሮች ትምህርት ቤት ጨረሰ። በ1954 ደግሞ ዛሬ ሰሜን ካሮላይና ሴንትራል ዩኒቨርሲቲ ከሚባለው ተቋም በድራማ ተመረቀ። የዩኒቨርሲቲው የቲያትር ቡድን ዛሬ በስሙ ይጠራል። ክሊቭላንድ ውስጥ ካራሙ ሃውስ በተባለው ዝነኛ የቲያትር ቤትም ሠርቷል። ሙያውን በወጉ የተማረ ሰው ነው ለማለት ያህል ነው።

በ1957 ብሮድዌይ መድረክ ላይ ወጣ። በ1958 ደግሞ አንድ የሚገርመኝ ሥራ ሠራ። ሲድኒ ፖይቲየር ከአንድ ነጭ እስረኛ ጋር በሰንሰለት ታስሮ የሚሸሽበት ፊልም አለ፣ "ዘ ዲፋያንት ዋንስ"። ዲክሰን እዚያ ላይ የፖይቲየር ተተኪ ነበር። አደገኛው ነገር ሲመጣ ፖይቲየር ዞር ይላል፣ ዲክሰን ይገባል። አካሉ ፊልሙ ውስጥ አለ፣ ፊቱ የለም። ነገሩን ምልክት ማድረግ አልፈልግም፤ ወጣት ተዋናይ የተገኘውን ይሠራል። ግን የኋላውን ታሪክ ለሚያውቅ ሰው ይህቺን ማለፍ ይከብዳል።

በዓመቱ ከፖይቲየር ጋር አንድ መድረክ ላይ ቆመ። የሎሬይን ሃንስበሪ "ኤ ሬዚን ኢን ዘ ሰን" በ1959 ብሮድዌይ ላይ ሲከፈት ዲክሰን አሳጋይን ሆኖ ተጫወተ። አሳጋይ አሜሪካ የሚማር ናይጄሪያዊ ነው። ለሚወዳት ልጅ የአገሩን ልብስ ይዞላት ይመጣል። የዚያ ዘመን የአሜሪካ መድረክ አፍሪካዊን የሚያውቀው በከበሮና በጦር ነው። አሳጋይ ግን የተማረ፣ ረጋ ያለ፣ ስለ አገሩ ነፃነት የሚያስብ ወጣት ነው። በ1961 ቲያትሩ ፊልም ሲሆንም ያንኑ ሚና ያዘ። እዚህም መሪው ፖይቲየር ነው። ዲክሰን ይገባል፣ ትዕይንቱን ያሞቀዋል፣ ይወጣል።

አንድ ጊዜ ብቻ መሀል ላይ ቆመ

በ1964 "ነቲንግ በት ኤ ማን" ወጣ። የማይክል ሮመር ሥራ ነው። ትንሽ በጀት፣ ጥቁርና ነጭ ቀለም። ዲክሰን ደፍ አንደርሰን የተባለ የባቡር ሐዲድ ሠራተኛ ሆኖ ይተውናል። ዘፋኟ አቢ ሊንከን የሰባኪ ልጅ ሆና ታገባዋለች። ታሪኩ የሚካሄደው አላባማ ውስጥ ነው፤ የተቀረጸው ግን በዚያ ጊዜ አላባማ ውስጥ እንዲህ ያለ ፊልም መቅረጽ አስጊ ስለነበር ኒው ጀርሲ ውስጥ ነው።

ፊልሙ ውስጥ ትልቅ ሰልፍ የለም፣ ትልቅ ንግግር የለም። አንድ ሰው ሥራ ይይዛል፤ አንገቱን ስላልደፋ ይባረራል፤ ሌላ ሥራ ይይዛል፤ እዚያም ይባረራል። ቁጣው ቀስ እያለ ወደ ቤቱ ይገባል። ዲክሰን የሚጫወተው በመንጋጋው ነው። ነጭ አለቃ ሲናገረው መልስ ከመስጠቱ በፊት ለአፍታ ዝም ይላል። ያቺን አፍታ ያየ ሰው ደፍ ምን ሊል ፈልጎ ምን እንደሚል ያውቃል። ከተጫወታቸው ሁሉ እሱ ራሱ የሚያስበልጠው ይህንን ሥራ ነበር። ልክ ነው። በ1993 ፊልሙ የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ለዘላቂ ጥበቃ ከሚመርጣቸው ፊልሞች አንዱ ሆነ።

እንግዲህ አስቡት። ሰውየው እንዲህ ያለ ነገር ይችላል። ሆሊውድ በማግስቱ ምን ሰጠው? ከዋሻ ውስጥ ሬዲዮ።

አምስት ዓመት በሬዲዮው ዘንድ

ኪንችን ማጣጣል አልፈልግም። በ1965 አሜሪካ ቴሌቪዥን ላይ አሽከር ያልሆነ፣ የማይደንስ፣ የማይሳቅበት ጥቁር ሰው በየሳምንቱ ማየት ቀላል ነገር አልነበረም። ኪንች የቡድኑ ቴክኒሻን ነው። አዛዡ ሲጠፋ ነገሩን የሚይዘው እሱ ነው። የጀርመን መኮንን ድምፅ አስመስሎ በስልክ ጠላትን የሚያሞኘውም እሱ ነው። ስልክ ላይ ቀለም አይታይም፤ ጸሐፊዎቹ ይህችን በደንብ ተጠቅመውባታል።

ቢሆንም ሚናው ጠባብ ነው። በ168 ክፍሎች የሄደው ይህ ድራማ የሚነዳው በአዛዡ ሆጋንና በካምፑ ኮሎኔል ነው። ኪንች መልእክት ያቀብላል። በአንድ ክፍል ውስጥ ጥቂት ዓረፍተ ነገር ብቻ የሚደርሰው ጊዜ ብዙ ነው። ዲክሰን አቅሙን ያሳየው በዕረፍት ነው ማለት ይቻላል። በ1967 በዚያው ጣቢያ ላይ ስለ ቬትናም በቀረበ "ዘ ፋይናል ዋር ኦፍ ኦሊ ዊንተር" በተባለ አንድ ወጥ ድራማ መሪ ሆኖ ሠራ። ለኤሚ ሽልማት ታጨ። አላሸነፈም። ከዚያ ተመልሶ ማዳመጫውን አጠለቀ።

አሁን የዚህ ጉዳይ ጥናት እምብርት ላይ ደርሰናል። አንድ አጃቢ ተዋናይ በእነዚያ አምስት ዓመታት ምን ያገኛል?

"ሆጋንስ ሂሮስ" ሳቅ የተጨመረበት ኮሜዲ ቢሆንም የተቀረጸው እንደ ፊልም በአንድ ካሜራ ነው። ይህ ትልቅ ልዩነት አለው። በሦስት አራት ካሜራ በሚቀረጽ ኮሜዲ ተዋናዩ እንደ ቲያትር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይጫወታል፣ ካሜራዎቹ እኩል ይቀርጹታል። በአንድ ካሜራ ሲሆን ግን ሁሉም ነገር ይቆራረጣል። መጀመሪያ ክፍሉ በሙሉ በሰፊው ይቀረጻል። ቀጥሎ ወደ አንዱ ሰው ፊት ይጠጋሉ። መብራቱ ይነሣል፣ ካሜራው ይዞራል፣ የሌላው ሰው ፊት ይቀጥላል። አንድ ደቂቃ ለማትሞላ ትዕይንት ግማሽ ቀን ሊሄድ ይችላል።

በዚህ ሁሉ መሀል መሪው ተዋናይ ቃል ያጠናል፣ ይደገማል፣ ፊቱ ይቀባል፣ ፋታ የለውም። አጃቢው ግን ይቆማል። በሰፊው ምስል ውስጥ ከኋላ መታየት ስላለበት ከቦታው አይሄድም። የሚናገረውም ብዙ የለውም። ስለዚህ ያያል። ዳይሬክተሩ ለምን ካሜራውን ከግራ እንዳደረገው ያያል። የቱ ምስል ኤዲቲንግ ላይ እንደሚጣል ይገምታል፤ ክፍሉ ሲተላለፍ ግምቱን ያረጋግጣል። ዳይሬክተሮቹ ሲቀያየሩ አንዱን ከአንዱ ያወዳድራል። ሰዓት ሲገፋ ማን እንደሚደነብርና ማን እንደማይደነብር ያውቃል። እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት በክፍያ አይገኝም፤ እነሱ ደሞዝ እየከፈሉት ነው የተማረው።

የቀረው ሌላው ትምህርት የማዳመጥ ነው። የኪንች ሥራ ማዳመጥ ነው። በካምፑ አዛዥ ቢሮ ግድግዳ ላይ በተሰቀለው የሂትለር ፎቶ ውስጥ ማይክሮፎን ተደብቋል፤ እስረኞቹ በቡና ጀበናቸው በኩል ወሬውን ይሰማሉ። ካሜራው የሚሰሙትን ሰዎች ፊት ይዞ ይቆያል። ወሬውን ወደ ታሪክ የሚቀይረው የሰሚው ፊት ነው። ዲክሰን በኋላ ባዘጋጃቸው ሥራዎች ከተናጋሪው ይልቅ ሰሚው ላይ ሲቆይ ባየሁ ቁጥር ይህ ትዝ ይለኛል።

በሩ ለምን በ1970 ተከፈተ

ተዋናዩ ስለፈለገ ብቻ ዳይሬክተር አይሆንም። ወንበሩን የሚሰጥ ሰው ያስፈልጋል። በ1969 መጋቢት ላይ የአሜሪካ የእኩል የሥራ ዕድል ኮሚሽን ሎስ አንጀለስ ውስጥ ችሎት ከፍቶ የፊልም ኩባንያዎችን ጥቁሮችን ለምን እንደማይቀጥሩ ጠይቆ ነበር። ኩባንያዎቹ ተጋልጠዋል። በዚያው ሰሞን ጥቁሩ ኮሜዲያን ቢል ኮዝቢ የራሱን ድራማ ጀመረ፤ ከካሜራው ኋላም ጥቁር ባለሙያዎች እንዲቀጠሩ ይገፋ ነበር። ዲክሰን በዳይሬክተርነት የመጀመሪያ ሥራውን ያገኘው በዚህ በኮዝቢ ድራማ ላይ ነው።

በዚያው በ1970 ከአምስተኛው ዙር በኋላ ከ"ሆጋንስ ሂሮስ" ወጣ። ከዋናዎቹ እስረኞች ድራማው ሳያልቅ የወጣው እሱ ብቻ ነው። በስድስተኛው ዙር ሌላ ጥቁር ተዋናይ፣ ኬኔት ዋሽንግተን፣ በሌላ ስም ገብቶ ሬዲዮኑን ያዘ። ኪንች የት እንደሄደ ማንም አልጠየቀም። ሞተ አላሉም፣ አመለጠ አላሉም። አምስት ዓመት አብሯቸው የታሰረ ሰው ጠፋና ሾርባቸውን ጠጡ። የአጃቢ ተዋናይን ዋጋ ማወቅ የሚፈልግ ሰው ይህንን ይመልከት።

የእንግዳው ወንበር

የቴሌቪዥን ዳይሬክተር ማለት የፊልም ዳይሬክተር ማለት አይደለም። እንግዳ ነው። ቤቱ የፕሮዲዩሰሩና የጸሐፊው ነው። መሪ ተዋናዩ ገጸ ባሕርዩን ከዳይሬክተሩ በላይ ያውቀዋል። ካሜራማኑ ከዓመት ዓመት እዚያው ነው። እንግዳው ገጹ ሃምሳ የሚያልፍ ጽሑፍ ይሰጠዋል፣ ጥቂት ቀን ይዘጋጃል፣ ከዚያ በስድስት ሰባት ቀን ቀርጾ ያስረክባል። በቀን ሰባት ስምንት ገጽ ማለት ነው። ትልቅ ፊልም ላይ በቀን ሁለት ገጽ ከተሠራ ጥሩ ነው። ካዘገየ አይጠሩትም። የድራማውን መልክ ከቀየረም አይጠሩትም።

እዚህ ላይ የአጃቢነት ዘመን ይከፍላል። በሌላ ሰው ቤት እንዴት እንደሚኖር ያውቃል። የእንግዳ ተዋናይን ፍርሃት ያውቃል፤ ለሁለት ቀን ሥራ መጥቶ ማንም ሰላም የማይለውን ሰው ያውቀዋል። ምን እንደሚሉት ያውቃል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ምን እንደማይሉት። ዲክሰን ደጋግሞ የተጠራው በዚህ ይመስለኛል።

በ1972 የመጀመሪያ የሲኒማ ፊልሙን አገኘ። "ትራብል ማን" ይባላል፤ ሮበርት ሁክስ የሚተውንበት የመርማሪ ፊልም ነው። ሆሊውድ በዚያ ሰሞን ጥቁር ጀግና፣ ሽጉጥና ያማረ ኮት ያለበትን ፊልም በላይ በላዩ እያወጣ ነበር። ዲክሰን የተሰጠውን ሠራ። ፊልሙ ብዙ አልተወደደም፤ እንዲያውም በኋላ የዘመናት ሁሉ ሃምሳ መጥፎ ፊልሞች በሚል መጽሐፍ ውስጥ ገብቷል። ዛሬ ስሙ የሚነሣው ማርቪን ጌይ በሠራለት ሙዚቃ ነው። ብዙ አልቆይበትም። ለእኔ ዋጋው አንድ ነው፤ ዲክሰን የሰው ገንዘብ ይዞ የሰውን ሐሳብ መሥራት ምን እንደሚመስል አየ። በሚቀጥለው ፊልም የተለየ መንገድ ሄደ።

ፊልሙ

ሳም ግሪንሊ የቺካጎ ልጅ ነው። ኢራቅን ጨምሮ በተለያዩ አገሮች ለአሜሪካ መንግሥት የማስታወቂያ መሥሪያ ቤት ሠርቷል። በቦታው ከነበሩ ጥቂት ጥቁሮች አንዱ ነበር። ያንን ስሜት ወደ ልብ ወለድ ቀየረው፤ "ዘ ስፑክ ሁ ሳት ባይ ዘ ዶር"። የአሜሪካ አሳታሚዎች አንዱ ከአንዱ እየተቀባበሉ መለሱት። በ1969 ለንደን ውስጥ ታተመ።

ርዕሱ የተንኮል ነው። "ስፑክ" ሰላይ ማለት ነው፤ ጥቁሮችን መስደቢያም ነው። "በሩ አጠገብ የተቀመጠው" ደግሞ መሥሪያ ቤቶች ጥቁር ቀጠርን ለማለት አንድ ሰው ቀጥረው ገቢ ወጪው እንዲያየው በር ላይ የሚያስቀምጡትን ልማድ ነው።

ታሪኩ ይኸው። አንድ ሴናተር የጥቁሮች ድምፅ እየሸሸው ነው። ሲአይኤ አንድም ጥቁር መኮንን የለውም ብሎ ይከሳል። ሲአይኤ ተገዶ ጥቁር እጩዎችን ይሰበስባል፤ ሁሉም እንዲወድቁ ነው ዓላማው። ዳን ፍሪማን የተባለ ዝምተኛ ሰው ግን አይወድቅም። ምን ያድርጉት? የምስጢር ሰነድ ማባዣ ክፍል ኃላፊ ይሉታል። ፎቶ ኮፒ ያነሣል። እንግዳ ሲመጣ ያስጎበኛል። አምስት ዓመት አንገቱን ደፍቶ ይሠራል፤ የተማረውን ሁሉ ይይዛል። ከዚያ ይለቅና ቺካጎ ይመለሳል። የሰፈር ወሮበሎችን ሰብስቦ የሽምቅ ውጊያ ያስተምራል።

አምስት ዓመት። ዲክሰን ሬዲዮው ዘንድ የቆየውም አምስት ዓመት ነው። መጽሐፉን ሲያነብ ምን እንደተሰማው ለመገመት ብዙ አያስቸግርም።

ሁለቱ ሰዎች ተገናኙና መጽሐፉን ፊልም ለማድረግ ገንዘብ መሰብሰብ ጀመሩ። ትልልቆቹ ስቱዲዮዎች ይህን ታሪክ አይነኩም። አብዛኛውን ያዋጡት ጥቁር ባለ ገንዘቦች ናቸው። ቀረጻው ጀመረ፤ መሀል ላይ ገንዘቡ አለቀ። ዲክሰን ያን ጊዜ አንድ ብልሃት ተጠቀመ። እስከዚያ ከተቀረጸው ውስጥ ግርግሩን፣ ተኩሱንና ፍንዳታውን ብቻ ቆራርጦ ለዩናይትድ አርቲስትስ አሳየ። ኩባንያው የተለመደው የሽጉጥና የኮት ፊልም መሰለው። ማስጨረሻውን ሰጠ። ያለቀለትን ፊልም ሲያዩ ሰዎቹ ደነገጡ። ግን ውል ውል ነው።

ልብ በሉ፤ ይህ ፍሪማን በፊልሙ ውስጥ የሚሠራው ነገር ነው። የሚጠብቁትን ፊት አሳይቷቸው ውስጡን ለራሱ ያስቀራል።

ቺካጎ የቀረጻ ፈቃድ አልሰጠችም። ከንቲባው ሪቻርድ ዴሊ እንዲህ ያለ ፊልም በከተማቸው እንዲሠራ የሚፈቅዱ ሰው አልነበሩም። ቡድኑ ወደ ጎረቤት ከተማ ወደ ጌሪ፣ ኢንዲያና ሄደ። አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የጌሪ ከንቲባ ሪቻርድ ሃቸር በ1967 የተመረጡ ናቸው፤ ትልልቅ የአሜሪካ ከተሞችን ከመሩ የመጀመሪያዎቹ ጥቁር ከንቲባዎች አንዱ። እሳቸው ተባበሩ። ስለዚህ በፊልሙ ላይ ቺካጎ ሆኖ የሚነደው ሰፈር ጌሪ ነው። እውነተኛዋ ቺካጎ የምትታይባቸው ጥቂት ምስሎች ደግሞ ያለ ፈቃድ፣ ካሜራ ይዞ ደረስ መለስ በማለት የተወሰዱ ናቸው። በስድስት ቀን አንድ ክፍል ቀርጾ ማስረከብ የለመደ ዳይሬክተር እንዲህ ያለውን ሥራ ይችልበታል። ሌላ ሰው ቢሆን ሲከራከር ይውል ነበር።

ሁለት ነገር ከፊልሙ ላሳይ። ፍሪማን ልጆቹን ወደ ቢሮ ሰርስሮ መግባትን ሲያስተምራቸው ጭምብል አይሰጣቸውም። የጽዳት ሠራተኛ ልብስ ነው የሚበቃቸው። መጥረጊያ የያዘን ጥቁር ሰው ማንም ቀና ብሎ አያየውም። በሌላ ትዕይንት ባንክ ሲዘርፉ የሚላኩት ቆዳቸው ቀላ ያሉት ልጆች ናቸው። ፖሊስ ነጭ ሌቦችን ይፈልጋል። ዲክሰን ይህን ሲቀርጽ ካሜራውን አያስጮኸውም። ቀጥ አድርጎ ያቆመዋል። መጥረጊያው፣ በሩ፣ ቀና የማይለው ሰው። ያሳቃል፤ ወዲያው ደግሞ ሳቁ ይታነቃል።

ፍሪማንን የተጫወተው ሎውረንስ ኩክም ድምፁን አያነሣም። ፊቱ ሁለት ነው፤ ለአለቆቹ አንድ፣ ለብቻው ሲሆን ሌላ። ለውጡ የሚመጣው አለቃው ዘወር ሲል ነው፤ ዲክሰን ካሜራውን እዚያው ፊቱ ላይ ጥቂት ያቆየዋል። የኸርቢ ሃንኮክ ሙዚቃ ከሥር ይሄዳል። እውነቱን ለመናገር ፊልሙ እንከን አለው። ሴቶቹ ገጸ ባሕርያት ቀጭን ናቸው። አንዳንዱ ጭውውት ትምህርት ይመስላል። የገንዘቡ ማነስም ብጥብጡ ላይ ያስታውቃል። ግን ከዘመኑ የሽጉጥ ፊልሞች ስንቱ ነው ዛሬ ሲታይ የሚቆረቁር?

በ1973 ተለቀቀ። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከሲኒማ ቤቶች ወጣ። ግሪንሊ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ኤፍቢአይ ሲኒማ ቤቶችን አስፈራርቶ አስወርዶታል እያለ ሲከስ ኖሯል። የተረጋገጠው ነገር ፊልሙ መጥፋቱ ነው። ለዓመታት የተገኘው እጅ በእጅ በሚዞር፣ ምስሉ በደበዘዘ የቪዲዮ ካሴት ነው። ኔጌቲቩ፣ ማለትም የፊልሙ ዋና ቅጂ፣ ግን ተርፏል፤ ማከማቻ ክፍል ውስጥ በሌላ ፊልም ስም ተቀምጦ ነበር። ተዋናዩ ቲም ሪድ በ2004 በዲቪዲ እንዲወጣ አደረገ። በ2012 እሱም የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት መዝገብ ውስጥ ገባ። እንግዲህ በዚያ መዝገብ ላይ ዲክሰን አንድ ጊዜ በተዋናይነት፣ አንድ ጊዜ በዳይሬክተርነት አለ።

ከዚያ በኋላ

ብዙ ጊዜ ታሪኩ እዚህ ላይ "ሆሊውድ ቀጣው፣ ወደ ቴሌቪዥን ተመለሰ" ተብሎ ይዘጋል። ግማሹ እውነት ነው። ከ1973 በኋላ በዳይሬክተርነት ሌላ የሲኒማ ፊልም አልሠራም። ሁለት ብቻ ናቸው። እንዲህ ያለ ሥራ የሠራ ሰው ሦስተኛ አለማግኘቱ ያናድዳል።

ግማሹ ግን ቴሌቪዥንን መናቅ ነው። "ዘ ዋልተንስ"፣ "ዘ ሮክፎርድ ፋይልስ"፣ "ዘ ቢዮኒክ ውማን"፣ "ማግነም ፒአይ"፣ "ዘ ኤ ቲም"። በሰባዎቹና በሰማንያዎቹ አሜሪካ ውስጥ ማታ ቴሌቪዥን የከፈተ ሰው የዲክሰንን እጅ አይቷል፤ ስሙን ግን ልብ አላለም። እነዚህ አብዛኞቹ የነጮች ድራማ ናቸው። በዚያ ዘመን ጥቁር ዳይሬክተር ብዙ ጊዜ የሚጠራው ለጥቁር ታሪክ ነበር። እሱ ግን በ"ዘ ዋልተንስ" የቨርጂኒያ ተራራ ላይ የሚኖር የነጭ ቤተሰብን ራት ይቀርጽ ነበር። ለተዋናዮቹ ቁሙ፣ ተቀመጡ፣ አንዴ እንድገመው ይላል፤ እነሱም ይደግሙታል። ከሲኒማ ፊልሙ ያነሰ ነገር ነው? ጩኸቱ ያነሰ ነው። መጥረጊያ ይዞ ስለመግባት የሠራውን ትዕይንት አስታውሱ።

በ1993 "ፐርሲ ኤንድ ተንደር" የተባለ የቦክስ ድራማ ከጄምስ ኧርል ጆንስ ጋር ለቴሌቪዥን ሠራ። ከዚያ በሃዋይ፣ ማዊ ደሴት ላይ የሬዲዮ ጣቢያ ባለቤት ሆኖ ይመራ ነበር። አዎ፣ ሬዲዮ። ጤናው ሲታወክ ወደ ሰሜን ካሮላይና ተመለሰ። በ2008 መጋቢት ላይ ሻርሎት ውስጥ በ76 ዓመቱ ሞተ። ከሞቱ በኋላ የወጡት ዜናዎች አብዛኞቹ ርዕሳቸው ላይ የጻፉት የ"ሆጋንስ ሂሮስ" ተዋናይ ብለው ነው።

አንድ ነገር ሳልናገር አልፌያለሁ። ዳይሬክተር ከሆነ በኋላም አልፎ አልፎ ይተውን ነበር። በ1976 "ካር ዋሽ" በተባለ ኮሜዲ ውስጥ ሎኒን ሆነ። ሎኒ ከእስር የወጣ፣ መኪና የሚያጥቡትን የሚያሰማራ አባወራ ነው። ቀኑን ሙሉ ለአለቃው አንድ የሥራ ሐሳብ ለመንገር ይሞክራል፤ አለቃው ጊዜ የለውም። ሲመሽ ቢሮው ውስጥ ብቻውን ሒሳብ ሲዘጋ አንድ የተባረረ ወጣት ሽጉጥ ይዞ ይገባል። አብዱላ ይባላል፤ ቢል ዱክ የተባለ ቁመተ ረጅም ተዋናይ ነው የሚጫወተው። ሊዘርፍ ነው የመጣው። ሎኒ አይጮህም፣ እጁን አያነሣም። ቀስ እያለ ያናግረዋል። ወጣቱ ይፈርሳል፣ ያለቅሳል። ሎኒ ያቅፈዋል። እሱም ያለቅሳል። ቀኑን ሙሉ ሲያሳቅ የዋለ ፊልም በእነዚህ ሁለት ሰዎች ላይ ነው ጸጥ የሚለው።

ትዕይንቱን ስታዩ ቢል ዱክን ተመልከቱት። ሲያለቅስም ዓይኑ ከዲክሰን ላይ አይነሳም። ከስድስት ዓመት በኋላ እሱም "ኖትስ ላንዲንግ" የተባለ ተከታታይ ድራማ ላይ የእንግዳ ዳይሬክተር ወንበር ተሰጠው።